እናትና አባትን ለመጦር ከወዲሁ መሰናዳት፦ ለጎንደር ቤተሰቦች የአሠራር መመሪያ

አብዛኛው ቤተሰብ ስለ መጦር መነጋገር የሚጀምረው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ወይም አባት ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏል። ልጆች ከአዘዞ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ይሰበሰቡና «ሁላችንም አለን» ይባባላሉ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል፤ ማንሣቱ፣ ማጠቡ፣ ሌሊት መነሣቱ ለአንዲት ሴት ልጅ ወይም ለምራት ይቀራል። ክፋት ኖሮ አይደለም፤ ማን ምን እንደሚሠራ በስም ጠርቶ የተናገረ ሰው ስለሌለ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ንግግር ሰው ገና በእግሩ ሳለ ለማድረግ ይረዳል። ቅደም ተከተሉን በተቻለ መጠን ጠብቁ። ወረቀትን የሚመለከተው ክፍል ግን ከሁሉም በፊት ቢጀመር አይከፋም፤ አንዳንዱ ጉዳይ ጊዜው ካለፈ አይመለስም።

1. ንግግሩን ክፈቱ

ቤታችን ውስጥ ስለ ነገ ድካም ማውራት እንደ ሟርት ይታያል። «እማዬ፣ አልጋ ላይ ብትውይ ማን ይይዝሻል?» ብሎ የጀመረ ልጅ «ምን አሰብክብኝ?» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በጎን ግቡ። ስለ ጎረቤት ማውራት ይቀላል፤ «እነ እትዬ እገሊት ቤት የሆነውን ሰማሽ? ልጆቹ ካርታው የት እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር» ሲባል እናት ራሳቸው አስተያየት መስጠት ይጀምራሉ። አባት ዝም የሚሉ ከሆነ የንስሐ አባታቸው፣ ሙስሊም ከሆኑ የሚያከብሩት ሸኽ ቢያነሡት ይሰማሉ። «እግዜር ያውቃል» ካሉ እምቢታ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ተዉትና ከሳምንት በኋላ ተመለሱበት።

ከንግግሩ ይዛችሁ መውጣት ያለባችሁ ጥቂት መልሶች ናቸው። የት መኖር ይፈልጋሉ? ገላቸውን ማን እንዲያጥባቸው ይፈቅዳሉ? (ብዙ እናቶች ወንድ ልጅ እንዲያጥባቸው አይፈልጉም፤ ይህ ቀድሞ ካልታወቀ በኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል።) ምን እንዳይሸጥ ይፈልጋሉ? መናገር ቢያቅታቸው ስለ ሕክምናቸው ማን ይወስን? የሰሙትን በደብተር ጻፉ፤ ፊታቸው አንብቡላቸው።

መኖሪያን በተመለከተ የራሴን ልናገር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ደብር ሲሳለም የኖረን ሰው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማውጣት እንክብካቤ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ማሰር ነው። አሳንሰር የለም፤ ከጎረቤት ጋር ቡና የለም፤ የሚሰሙት ቅዳሴ በስልክ ነው። ልጆች ሁሉ ከጎንደር ውጭ ካልሆኑ በቀር ሰውየውን ከማንቀሳቀስ አስታማሚውን ማምጣት ይሻላል።

2. የሚችሉትንና የማይችሉትን መዝግቡ

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳታስታውቁ ተመልከቱ። ስድስት ነገር ብቻ ነው የምታዩት፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር፣ መብላት። ከእያንዳንዱ ጎን «ራሳቸው»፣ «ሲታገዙ» ወይም «ሙሉ በሙሉ በሰው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድን፣ ገንዘብ መቁጠርን፣ እሳት መያዝንና ስልክ መደወልን ጨምሩ። ስድስቱም «ራሳቸው» ሆኖ ገንዘብና መድኃኒት ላይ ብቻ ስሕተት የሚበዛ ከሆነ ያስቸገረው ጉልበት ሳይሆን ማስታወስ ነው፤ የሚያስፈልገውም ተሸካሚ ሳይሆን አብሮ የሚውል ሰው ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ ሠራተኛ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው።

«ጃጅተዋል» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ግን የሚታከመውን አስወጡ። ደረጃ እየሳቱ የሚወድቁት በዓይን ሞራ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። «አልሰማም» ማለታቸው ኩክ ስለደፈነው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ የደም ግፊት መድኃኒታቸው መጠን ይታይላቸው። ከሁሉ በላይ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ በድንገት ከቀባጠረ፣ ሰው ከሳተ ወይም እንቅልፍ ብቻ ከሆነ፣ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት መደራረብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ጠበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

3. ቤቱን አስተካክሉ

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። የቆዩት የድንጋይ ቤቶች ደረጃቸው ከፍና ዝቅ ያለ፣ መጸዳጃ ቤታቸውም ብዙውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ነው። ሽማግሌ በአብዛኛው የሚወድቀው ሌሊት ለሽንት ሲወጣ ነውና ሥራው ከዚያ መንገድ ይጀምር። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን ራሳችሁ በጨለማ ሂዱበት፤ የሚያደናቅፈውን ታገኙታላችሁ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሣ፣ በግድግዳው ላይ ከወገብ ከፍታ የቧንቧ ብረት እጀታ ይታሰር፣ መብራት ይግባ፤ መብራት ስለሚጠፋም የሚሞላ የእጅ ባትሪ ከትራስ አጠገብ ይኑር። ሌሊት ደጅ ከመውጣት ፖፖ ይሻላል። ቁጢጥ ማለት ለማይችሉ ጠንካራ ወንበር መሐሉ ተቀዶ ባልዲ ከሥሩ ቢደረግ ያገለግላል፤ የእንጨት ባለሙያ በቀላሉ ይሠራዋል። የፕላስቲክ ወንበር መቅደድ ግን ከክብደት በታች ስለሚሰነጠቅ አልመክርም።

የአልጋው ከፍታ ሰውየው ሲቀመጥ እግሩ መሬት ረግጦ ጉልበቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን የሚታጠፍበት ይሁን። ወደ ውስጥ የሰረጎደ የጠፍር አልጋ ለመነሣት ያስቸግራል፤ ጠፍሩ ይወጠር ወይም ከላዩ ጣውላና ፍራሽ ይደረግበት።

ውኃን አስቡ። ከተማችን የአንገረብ ግድብ ቢኖራትም ቧንቧ ለቀናት መጥፋቱ ለማንም አዲስ አይደለም። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ሰው ያለበት ቤት አንሶላ የሚያጥበው በየቀኑ ነው። ስለዚህ ሮቶ ወይም ሁለት በርሜል ለዚህ ሰው ብቻ ተብሎ የተለየ ውኃ ይያዝ። ይህ ሳይዘጋጅ ሌላው ሁሉ ዕቅድ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል።

በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ማስገባትና በር መዝጋት ይገድላል። ጢስ ባይኖረውም ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቡላቸው፤ ፍም ካስገባችሁም ከመተኛታቸው በፊት ይውጣ። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎችንም ከምድጃ አርቁ፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ።

4. ማን ምን ይሠራል

የቤተሰብ ስብሰባ አድርጉ። ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ እንግዳ ስታስተናግድ አትዋል፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላና እሷ ትቀመጥ፤ ዋናዋ ተናጋሪ እሷ ናት። ውጭ አገር ያለው በስልክ ይግባ። በደረጃ ሁለት የመዘገባችሁትን አንብቡ፤ ከዚያ ሥራውን በሰዓትና በስም አከፋፍሉ። «አቅማችንን እናደርጋለን» የሚባል ነገር አትመዝግቡ። «ሰሎሞን ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ያድራል፤ ሐኪም ቤት የሚወስደውም እሱ ነው» የሚለውን መዝግቡ። ስሙን በእናንተ ቤት ስም ተኩት።

ገንዘብ የሚልክ ልጅ ሥራውን የጨረሰ ሊመስለው ይችላል። በገንዘብ የማይሸፈነው ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ የላኪው ድርሻ ውስጥ አስታማሚዋ የምታርፍበትን ቀን የሚሸፍን ሰው ክፍያም ይግባ። አስታማሚ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ በዓመት ቢያንስ ጥቂት ተከታታይ ሳምንታት ከቤቱ መውጣት አለባት። ያለዚያ ሁለተኛ በሽተኛ ትጨመራለች።

ከገጠር የዘመድ ልጅ አምጥቶ «አያቷን ትያዝ» ማለት የተለመደ ነው። ትምህርቷ ከተቋረጠ ግን ይህ መጦር ሳይሆን የአንዷን ሕይወት ለሌላዋ መክፈል ነው። ካመጣችኋት ትማር፤ በትምህርት ሰዓት የሚውል ሌላ ሰው ይኑር፤ በሌሊትም ብቻዋን ሰው እንድታነሣ አታድርጉ።

ሠራተኛ ስትቀጥሩ ውል ጻፉ። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለማትሸፈን የተስማማችሁት ወረቀት ዋናው መተማመኛ ነው። በውሉ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ ማንሣትና ማጠብ ሥራዋ መሆኑ ይገለጽ። «ምግብ ማብሰል» ተብላ ገብታ ዳይፐር ስትቀይር የተገኘች ሠራተኛ ብትሄድ አይገርምም።

እድርንም አንሡ። እድራችን ለቀብር የሚደርስ ነው፤ አንዳንዱ ለታመመ አባልም ይረዳል። የእናንተ እድር ደንብ ምን እንደሚል ጠይቁ፤ ካልፈቀደ በጠቅላላ ጉባኤ አንሡት። ድንኳን ለማዋስ የሚችል ማኅበር ዊልቸር ገዝቶ በየተራ ማዋስ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የጽዋ ማኅበርተኛም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ማጫወት ይችላል፤ ያ ሁለት ሰዓት ለአስታማሚዋ ገበያ መውጫ ይሆናታል።

5. ገንዘቡን ቁጠሩ

በወር የሚወጣውን በዕቃ ብዛት ጀምራችሁ ወደ ብር ለውጡ። ለምሳሌ ዳይፐር በቀን አራት ከሆነ በወር 120 ነው፤ በዚያ ዕለት ዋጋ አባዙት። መድኃኒት፣ ሳሙና፣ ውኃ፣ የባጃጅ ኮንትራት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ጨምሩ። ዋጋ ስለሚንር በየሦስት ወሩ እንደገና ቁጠሩ። ከዚያ ገቢውን ከጎኑ አስቀምጡ።

ጡረታ ካለ የባንክ ሒሳቡን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን አስመዝግቡ። ባለጡረታው ሲሞቱ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው አበል የባለጡረታው ግማሽ ነው፤ ለዚህ የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። በቁርባን ወይም በባህል ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ምስክር ይዘው ሄደው ያስመዝግቡ፤ አንዱ ከሞተ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይገባል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአባወራ ወይም በእማወራ ደረጃ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ራሳቸውን ችለው ይመዘገባሉ። በየዓመቱ ይታደሳል፤ የማደሻው ወቅት ሲታወጅ እንዳያመልጣችሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ካልተጻፈላችሁ ሆስፒታሉ ላይ መድኑ ላይሠራ ይችላል፤ ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። ለመክፈል አቅም የሌላቸውን መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር ስላለ ቀበሌውን ጠይቁ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥም ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለ። ምልመላ የሚደረገው በቀበሌ ደረጃ ስለሆነ በዝርዝሩ ለመግባት የሚመዘገቡበትን ጊዜ ከቀበሌው ሠራተኛ አጣሩ።

መንገድ በሚዘጋበትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ ከውጭ የሚላክ ብር አይደርስም፤ መድኃኒትም ከፋርማሲው ይጠፋል። ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒትና የሁለት ሳምንት ወጪ በእጅ ይያዝ።

6. ወረቀቶቹን ጨርሱ

መጀመሪያ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ። ባንክና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እየጠየቁት ነው። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ስለሚወሰድ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ይከብዳል፤ በእግራቸው ሳሉ ውሰዷቸው።

ውክልና ላይ ሁለት ነገር ይሳታል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ያ ጉዳይ በስም የተጠቀሰበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። አባት ከሞቱ በኋላ በቆየ ውክልና ገንዘብ ያወጣ ልጅ በወንድሞቹ ቢከሰስ መከላከያ ማግኘት ይከብደዋል። አእምሯቸው የደከመ ወላጅን ንብረት ለማስተዳደር ፍርድ ቤት አመልክቶ ሞግዚት ማሾም ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ልጅ ውክልና የሚልከው በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አረጋግጦ ነው።

ኑዛዜ የሚያደርጉ ከሆነ ሕጉ ፎርሙን በጥብቅ ይዟል። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡም ተጽፎበት፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በራሳቸው ጽሑፍ መሆን አለበት። በአሻራ የሚፈርሙ ከሆነ ውልና ማስረጃ ፊት ይደረግ፤ ያለዚያ ለክርክር በር ይከፍታል። በሞት አፋፍ ላይ የሚነገር የቃል ኑዛዜ ለቤትና ለመሬት አይሆንም።

ቤቱን ለጧሪዋ ልጅ ለመስጠት ያሰቡ እናት አሳባቸውን ለሌሎቹ ልጆች አሁን ይንገሩ። ደግሞም ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የባላቸው ወይም የባላቸው ወራሾች ነው።

የሚረዳ ልጅ ጠፍቶ ወላጅ ከተቸገረ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ፍርድ ቤት መሄድ ግን የመጨረሻው ነው፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ይህን ሕግ ማስታወስ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

7. አልጋ ላይ ከዋሉ

ሦስት ነገር ተማሩ፦ ማገላበጥ፣ ማብላትና ማዛወር። በየሁለት ሰዓቱ ጎን አገላብጡ፤ ከጀርባ ትራስ አድርጋችሁ ግማሽ ጎን አስተኟቸው። ተረከዝ፣ ዳሌና የጅራት አጥንት ያለበትን ቦታ በየቀኑ እዩ፤ በጣት ተጭናችሁ የማይጠፋ ቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው፤ አትሹት፣ ከዚያ ጎን አንሡ። ከስትሮክ በኋላ ውኃ ሲጠጡ የሚስላቸው ከሆነ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠንከር ያለ አጥሚት በትንሹ ይቅመሱ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ። ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውሩ ወንበሩ በጤነኛው ጎናቸው ይሁን፤ የዊልቸሩ ፍሬን ይያዝ፤ እናንተም ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ታጠፉ።

ጾም ላይ ከሆኑ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አይጉደል። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ያለ ምግብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አደገኛ ነው። የንስሐ አባታቸውንና ሐኪማቸውን አንድ ላይ አማክሩ፤ በረመዳንም እንደዚያው።

ይህን ሁሉ በማንበብ አይማሩትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት የሚሰጥበት ነው። ከሆስፒታል ስትወጡ ባለሙያው አነሣሡን አስታማሚዋ ራሷ እየሠራች እንዲያሳያት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ወረቀት ይዞ መውጣት አይበቃም።

8. አካል ጉዳተኛ ልጅ ወይም ወንድም ካለ

እዚህ ላይ ጥያቄው «እኛ ስንሞትስ?» ነው። ዕቅዱ ለአሥርተ ዓመታት ስለሚሆን መጦር ብቻ አይደለም፤ ትምህርትና ሥራም ይገባበታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ፕሮግራም ስላለው እዚያ ጠይቁ። ሰውየው ራሱ ስብሰባው ላይ ይቀመጥ፤ መስማት ከተሳነው አስተርጓሚ ይምጣ፤ በእሱ ፊት ስለ እሱ አትንሾካሾኩ። ከእናንተ በኋላ የሚይዘውን ሰው ስትመርጡ «ወንድሙ አለለት» አይበቃም፤ የወንድሙ ሚስት ፈቅዳለች ወይ ብላችሁ ጠይቋት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ሳሎን ይውጣ። የማያውቁት ጎረቤት ነገ ሊረዳው አይችልም።

9. ከበር ጀርባ የሚለጠፍ ወረቀት

በአንድ ገጽ ጻፉ፦ የሚወስዱት መድኃኒት ስምና ሰዓት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ የጤና መድን ደብተርና የፋይዳ ቦታ፣ የሚደወልላቸው ሦስት ሰዎች በቅደም ተከተል፣ ሌሊት የሚመጣ የታወቀ ባጃጅ ሹፌር ስልክ፣ ሠራተኛዋ በድንገት ብትሄድ ለሦስት ቀን የሚተካት ሰው። የመጨረሻውን መስመር ባዶ አትተዉት። ዕቅዱን በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም በፊት ሰው ከወደቀ፣ ሆስፒታል ከተኛ ወይም የትዳር ጓደኛ ከሞተ እንደገና አንብቡት፤ ቀኑንም ከላይ ጻፉበት።